ምንም ሳትይዙ ውጡ

የአደጋ ጊዜ ዕቅዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በማንም አላሳብብም። ከሮቤ ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ነርስ ሆኜ ስቀጠር፣ እንዲህ ያለ ወረቀት ይጠብቅሻል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ደም ግፊት እለካለሁ፣ ቁስል አጥባለሁ፣ ሁለት ዓመት ሠርቼ ወደ ጎጃም ዝውውር እጠይቃለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት። ሁለቱ ዓመት ስድስት ሆነ። የደጋው ብርድ እግሬን ይዞ አስቀረኝ ማለት ይቀለኛል፤ እውነቱ ግን ማመልከቻዬን የሚያነብልኝ አጣሁ።

አንድ ቀን ኃላፊያችን ከስብሰባ ሲመለስ ቅጽ ይዞ መጣ። «ሲስተር፣ ይሄን አንቺ ነሽ የምትሞዪው፤ ጽሕፈትሽ ያምራል» አለኝ። ጽሕፈቴ በማማሩ የደረሰብኝን ሥራ ብቆጥረው አያልቅም። እሳት ቢነሳ በየት ትወጣላችሁ? ማን ማንን ደግፎ ያወጣል? የት ትሰበሰባላችሁ? በአንድ ከሰዓት ሞላሁት። መሰብሰቢያ፦ ግቢው ውስጥ ካለው ጽድ ሥር። መውጫ፦ የፊት በርና የኋላ በር። «የኋላው በር ዘወትር ክፍት ነው» ብዬም ጻፍኩ።

ይሄኛው ውሸት ነው። የኋላው በር ተቆልፏል፤ የቆለፍኩትም እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመርሳት በሽታ ያለባቸው አንድ ሽማግሌ አሉን፤ ድሮ የከብት ነጋዴ ነበሩ። በአንድ የገበያ ቀን በኋላው በር ወጡ፣ የገብሱን ማሳ አቋረጡ፣ አስፋልቱ ላይ ጋሪ አስቆሙና «ጎሮ ገበያ በሬዬ ታስሮ ይጠብቀኛል፣ መናኸሪያ አድርሰኝ» አሉ። ባለጋሪውም የዋህ ነው፣ ጫናቸው። ስናገኛቸው ዝናብ አበስብሷቸው ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር። በማግሥቱ ከሮቤ አንድ ወፍራም ጓጉንቸር ገዝቼ በሩን ከውስጥ ቆለፍኩት፤ ቁልፉን ከቢሮው ቁልፍ ጋር አንድ ቀለበት ውስጥ አስገብቼ ጋውኔ ኪስ ከተትኩት። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው አንዴ ከውስጥ፣ አንዴ ቤቱን ዞረው ከውጭ በሩን ይነቀንቃሉ። «ክፈቺልኝ» ይሉኛል። «ነገ» እላቸዋለሁ። ይረሱታል ብዬ ነበር። ስማቸውን ሲረሱ በሩን ግን አልረሱም።

ዕቅዱ ከተጻፈ ልምምድ የግድ ነው። አረጋውያኑን ሰብስቤ «ፊሽካ ስነፋ ሁላችሁም ምንም ሳትይዙ ትወጣላችሁ። ምንም!» አልኳቸው። በአማርኛም በተሰባበረ ኦሮምኛዬም ደጋግሜ ነገርኳቸው። «እሺ፣ እሺ» አሉኝ። ነፋሁ። በር በሩን የሚያይ ሰው ጠፋ፤ ሁሉም ጎንበስ ብሎ አልጋው ሥር እጁን ሰደደ። ጫማ የሚፈልጉ መስሎኝ ነበር። እያንዳንዳቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ጎትተው አወጡ፣ ብብታቸው ሥር ሸጎጡ፣ ከዚያ በኋላ ነው መሄድ የጀመሩት።

ከፈን ነው። ሁሉም የሚቀበርበትን ነጭ ጨርቅ አዘጋጅቶ፣ አልጋው ሥር አስቀምጦ ነው የሚተኛው። ስድስት ዓመት ስሠራ አንሶላ መስሎኝ ስንት ጊዜ በመጥረጊያ ገፍቼዋለሁ!

ከሁሉም የባሱት አንዲት ዳሌያቸው የተሰበረ፣ በምርኩዝ የሚሄዱ እናት ናቸው። ቤቱ በሙሉ «አኮ» ይላቸዋል፣ አያት ማለት ነው። የትውልድ አገራቸው በሶፍ ዑመር በኩል ነው። የእሳቸው ከፈን ወንድማቸው ከሐጅ ይዞላቸው የመጣው ነው፤ በዘምዘም ውኃ የታጠበ። ወንድማቸው በዚያው ዓመት ሞተ፤ ከዘመድ የቀራቸው ያ ጨርቅ ነው። ፀሐይ የወጣ ቀን ገመድ ላይ ያናፍሱታል፣ አጠገቡ ቁጭ ብለው ይጠብቁታል፣ መልሰው ያጥፉታል።

እኔ ደግሞ ንዴቴ ቅርብ ነው። «አኮ፣ ቤት እየነደደ ጨርቅ ይፈለጋል?» አልኩ።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «እሳቱ ከገደለኝ በምን ልትሸፍኚኝ ነው?»

«መስጊድ አለ፣ ጎረቤት አለ። እዚህ አገር ራቁቱን የተቀበረ ሰው አለ?»

«የሰው ጨርቅ የሰው ነው። ይሄ የኔ ነው።»

ሁለተኛውም ልምምድ እንደዚያው ሆነ። ኃላፊያችን ሰዓቱን እያየ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ደሜ ፈላና መላ ፈጠርኩ፤ መላ መሆኑ ነው! ትልቅ የቆርቆሮ ሳጥን ቢሮዬ አስገባሁ፣ ከፈኖቹን ሁሉ ሰበሰብኩ፣ በያንዳንዱ ላይ የባለቤቱን ስም ጽፌ ለጠፍኩ፣ ሳጥን ውስጥ ደርድሬ ቢሮውን ቆለፍኩ። «በአደራ ነው፤ ከእናንተ አልጋ ሥር ይልቅ እኔ ጋ ይጠበቃል» አልኳቸው። ሌሎቹ አጉረምርመው ተዉት። አኮ ግን ሦስት ቀን ከሻይ በቀር ምንም አልቀመሱም።

«እኔን ነው ሳጥን ውስጥ የቆለፍሽው» አሉኝ።

«ኧረ አኮ፣ ጨርቅ ነው የቆለፍኩት!»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ይለምዱታል ብዬ ተውኳቸው። በሦስተኛው ልምምድ ሁሉም ባዶ እጃቸውን ወጡ፤ አንድ ብርጭቆ ሻይ በማይቀዘቅዝበት ጊዜ ውስጥ ጽዱ ሥር ተሰበሰቡ። ኃላፊያችን አጨበጨበ። እኔም እውነቱን ልናገር፣ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

የእሳቱ ቀን ዓርብ ነበር። ጠዋት ቢሮዬ ውስጥ እግሬን ላሙቅ ብዬ የኤሌክትሪክ ምድጃዬን ሰክቼ ተቀመጥኩ። መብራት ጠፋ። ተሳድቤ ተነሳሁ፣ ቢሮውን ቆልፌ ቁስል ላጥብ ሄድኩ። ምድጃውን አልነቀልኩትም። የአደጋ ጊዜ ዕቅድ ጸሐፊዋ፣ እኔ፣ አልነቀልኩትም!

እኩለ ቀን ላይ ኃላፊያችን፣ ዘበኛውና ከከብት ነጋዴው ሽማግሌ በቀር መራመድ የሚችሉት ወንዶች ጁምዓ ሄደዋል። ቤት ውስጥ የቀሩት አሥራ አራት ናቸው፣ እኔና ምግብ አብሳይዋ አለን። መብራት መጣ፤ ደስ ብሎኝ «ተመስገን» ማለቴ ትዝ ይለኛል። ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተኝ። ብቅ ስል ከቢሮዬ በር ሥር ጭስ ይወጣል። ፊሽካዬን ነፋሁ።

ወጡ። ምን ልበላችሁ፣ እንደተለማመዱት ወጡ። አብሳይዋ ሁለቱን አልጋ ላይ የዋሉትን በብርድ ልብስ ጎተተች፣ እኔ ሌሎቹን ደገፍኩ። ሽማግሌው በሸሚዝ ብቻ ወጥተው ይንቀጠቀጡ ነበርና ጋውኔን አውልቄ ደረብኩላቸው። ከዚያ ጽዱ ሥር ቆጠርኩ። አሥራ ሦስት። ደግሜ ቆጠርኩ። አሥራ ሦስት። የማን ፊት እንደጎደለ ለማወቅ ሦስተኛ መቁጠር አላስፈለገኝም።

ተመልሼ ገባሁ። ቤታችን ረጅም ነው፤ ኮሪደሩ ከፊት በር ተነስቶ የኋላው በር ላይ ያበቃል፣ ቢሮዬም ከኋላው በር ጥግ ነው። ጎንበስ ብዬ በጭሱ ውስጥ ስደርስ አኮ ምርኩዛቸውን ጥለው፣ ሻሻቸውን እጃቸው ላይ ጠቅልለው የቢሮውን እጀታ ይስባሉ። «ክፈቺው» አሉኝ። አልጮኹም፤ እንደ ወትሮው ነው የተናገሩት። ወገባቸውን ይዤ ወደ መጣሁበት ስዞር ኮርኒሱ ከበላያችን ተሰነጠቀና የነደደ ጣውላ ኮሪደሩ ላይ ወደቀ። የፊት በር አይታይም። የቀረን የኋላው በር ብቻ ነው፤ እሱ ላይ ደግሞ ጓጉንቸሬ ተንጠልጥሏል። እጄን ወደ ኪሴ ሰደድኩ። ኪስ የለም። ጋውኑ ሽማግሌው ላይ ነው።

በስመ አብ! በሩን በእግሬ መታሁት፣ በትከሻዬ ገጨሁት፤ የገዛሁት ጓጉንቸር አንደኛ ነበር፣ ንቅንቅ አላለም። ከበሩ ጎን ያለችውን የብረት ፍርግርግ ያላትን መስኮት በጫማዬ ሰበርኩና አፌን ፍርግርጉ ላይ አድርጌ ጮኽኩ። አብሳይዋ በፊት በር በኩል ስማችንን እየጠራች ትጮኻለች፤ እሷ እኔን አትሰማም፣ እኔ እሷን እሰማለሁ። አኮን መስኮቱ ሥር አስቀመጥኳቸው። ፈራሁ። እዚህ ቤት ውስጥ ስድስት ዓመት ሙሉ መውጫ ስፈልግ ኖሬ፣ በራሴ ጓጉንቸር ልሞት ነው ብዬ አለቀስኩ።

በዚህ መሃል ጋውኔን የለበሱት ሽማግሌ ቤቱን ዞረው መጡ። እንደ ልማዳቸው በሩን ሊነቀንቁ ነው።

«አባባ! ኪስዎ ውስጥ ቁልፍ አለ፣ ያቀብሉኝ!»

ቆመው አዩኝ። እጃቸውን ኪስ ውስጥ ከተው እስክሪብቶ አወጡ። «ይሄ?» ቴርሞሜትር አወጡ። «ይሄ?» የፋሻ ጥቅል። በመጨረሻ ቁልፎቹን አወጡና ጨበጡ።

«በሩን ልትከፍቺው ነው?»

«አዎ!»

«ነገ አይደለም?»

«አሁን! አሁን እከፍተዋለሁ!»

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ!» አልኩ፣ ማተቤ አንገቴ ላይ እያለ። ቁልፎቹን በፍርግርጉ አሳለፉልኝ።

አኮ ቀለበቱ ላይ ሁለት ቁልፍ እንዳለ ያውቃሉ። ከመሬት ተነስተው እጄን ያዙ። «መጀመሪያ ያንን» አሉ፣ በምላሳቸው ከንፈራቸውን እያራሱ። «ሳጥኑ በሩ አጠገብ ነው። አውጪልኝና ከዚያ የፈለግሽውን አድርጊ።» የቢሮው በር ቀለም እየተኮማተረ ነበር፤ ብከፍተው ሁለታችንም አለቀልን። «አይሆንም አኮ» አልኩ። ክንዴን ነከሱኝ። የሰማንያ ዓመት ሴት፣ በቀሩት ጥርሶች፣ አጥብቀው ነከሱኝ። ጓጉንቸሩን ከፈትኩና እየጮኹ፣ እየተራገሙኝ፣ ብብታቸውን ይዤ ወደ ገብሱ ማሳ ጎተትኳቸው።

ከመስጊድ የወጣው ሕዝብ በጀሪካን ውኃ እያመላለሰ እሳቱን ሲያጠፋ ግማሹ ቤት ተርፎ ነበር። ኃላፊያችን እየሮጠ መጣ፣ ቆጠረ፣ እንባው መጣ። «አንድም ሰው አልተጎዳም! ሲስተር፣ ዕቅድሽ እኮ ሠራ!» አለኝ። አረጋውያኑ ግን እኔን ነበር የሚያዩት። ስለ ሳጥኑ የጠየቀኝ የለም፤ ቢሮው የነበረበት ቦታ ላይ ሰማዩ ይታይ ነበር።

በሚቀጥሉት ሳምንታት የሰፈሩ ሰው ነጭ ጨርቅ እያመጣ ለአረጋውያኑ ሰጠ። «ጀዛከላህ» እያሉ ተቀበሉ፣ አልጋቸው ሥር አስገቡ። አኮ አልተቀበሉም። እኔንም አያናግሩኝም። መድኃኒታቸውን ስሰጣቸው ይውጣሉ፣ ዳሌያቸውን ሳሸው ይዞሩልኛል፣ ቃል ግን የለም። ቤቱ ጠቦ አልጋዎቹ ተጠጋግተዋል፤ የትም ብዞር ዓይናቸው ያገኘኛል። የኋላው በር አሁን ክፍት ነው፤ እኔ ግን ከዚያ ቤት መውጫ ያጣሁት ያኔ ነው። የዝውውር ማመልከቻዬን ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ቀደድኩት። ሰው ከእሳት አውጥቼ እንደ ሌባ አንገቴን ደፍቼ መዋል አቃተኝ።

አልቻልኩም። ሮቤ ወርጄ ሱቅ ለሱቅ ዞሬ ያገኘሁትን ምርጥ አቡጀዲ በረጅሙ አስቆረጥኩ። አልጋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸውና «አኮ፣ እንደዚያኛው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

ጨርቁን ዘረጉት። በጣታቸው አሹት፣ ወደ ብርሃን አነሱት። ደስ አላቸው መሰለኝ። ከዚያ «ቁሚ» አሉኝ፤ ከእሳቱ ወዲህ የመጀመሪያው ቃላቸው ነው። ቆምኩ። ጫፉን ትከሻዬ ላይ አስያዙኝ፣ ጎንበስ ብለው እስከ እግሬ ለኩት፣ ከራሴ በላይ የሚታጠፈውን በስንዝር ጨመሩበት። እሳቸው የኔ ደረት ድረስ ናቸው፤ ለሳቸው ቢሆን ይህን ያህል መለካት አያስፈልግም ነበር።

«ይበቃሻል» አሉ።

«ለእርስዎ ነው እኮ ያመጣሁት!»

«የኔ ተቃጥሏል። የኔን አውቀዋለሁ።» አቡጀዲውን ቀስ ብለው አጠፉት፤ ያንን ገመድ ላይ የሚያናፍሱትን ሲያጥፉ እንዳየኋቸው፣ አንድም ጥግ ሳይዛነፍ። «አንቺ ያን ቀን እዚያ ውስጥ አብረሽኝ ነበርሽ። ብንሞት ኖሮ ላንቺ ማን አዘጋጅቶልሻል? አገርሽ ሩቅ ነው።»

ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ስለ ሌላው ሰው ሞት ገጽ ሙሉ ስሞላ፣ እኔም እንደምሞት አንድ ቀን አስቤ አላውቅም ነበር። አኮ ምርኩዛቸውን ፈልገው ተነሱና «አልጋሽ ሥር ቦታ ስጪው» አሉኝ።