ለጃፓንኛዬ የመጣች ዶሮ

ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይቼ ስኖር በስልኬ ጃፓንኛ መማር ጀመርኩላችሁ። የዚያን ዕለት ትምህርቴ «ያ» የምትባል ቃል ናት፤ በስሞች መሃል ትገባለች፣ ለምሳሌ ያህል ሁለት ሦስቱን ጠርተህ ሌላም እንዳለ ትናገርባታለህ። በሬን ዘግቼ፣ ጮክ ብዬ «ሂትሱጂ ያ፣ ኒዋቶሪ ያ...» ስል አከራዬ እትየ ትሁን አንኳኩ።

«ምን እያልክ ነው ልጄ?»

«በግ፣ ዶሮ...»

«ይኸው ነው?»

«ኧረ ሌላም አለ!» አልኩ፣ ትምህርቱ ስለገባኝ ኮራ ብዬ።

አማተቡና ሄዱ። ብዙም ሳይቆዩ በአንድ እጃቸው ጠበል፣ በሌላው ቀይ ዶሮ ይዘው ተመለሱ። ጠበሉን ፊቴ ላይ ረጩና፣ እኔን ትተው ውስጤ ገብቷል ያሉትን መንፈስ ያናግሩት ጀመር፦

«በጉንም ሌላውንም ከእናቱ ጠይቅ። እኔ ያለችኝ ይቺ ናት፤ ተቀበልና ልጁን ልቀቅ!»