የገብስማ አውራ ዶሮ ላባ

ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሥር የሚያልፈውን ውሃ እያየ ያደገ ሰው ወንዝና ዓሣን አንድ ላይ አያስብም። እኔም አላስብም ነበር። ወንዝ አፍንጫን ይዘው የሚሻገሩት ነገር ነው፤ ዓሣ ደግሞ ምግብ ቤት ገብተው የሚያዙት ጥብስ። ይህን ሐሳቤን ያስለወጡኝ ጡረታ የወጡ የቱሪስት መኪና ሹፌር ናቸው።

መርካቶ ውስጥ፣ ከጎጃም በረንዳ አለፍ ብሎ፣ ክርና መርፌ፣ ቁልፍና ዚፕ እሸጣለሁ። እኚህ ሰው አንድ ቀን ሱቄ ገብተው ቀጭን ጥቁር ክር ጠየቁኝ። ያለኝን ሁሉ ከመደርደሪያ አወረድኩላቸው፤ ሁሉም ወፈረባቸው።

«ጋሼ፣ የሸረሪት ድር ነው እንዴ የሚፈልጉት?» አልኳቸው። ሲደክመኝ ነገረኛ ነኝ።

አልተቀየሙኝም። ከደረት ኪሳቸው የክብሪት ቀፎ አውጥተው ከፈቱልኝ። ውስጡ ላባ የተጠመጠመባት ትንሽ መንጠቆ አለች።

«ዝንብ ናት» አሉኝ።

«መርካቶ ዝንብ ጠፍቶ ነው ቤትዎ ቁጭ ብለው የሚሠሩት?»

ሳቁ። ከዚያ በርጩማ ስበው ተቀመጡና ስለ ትራውት ነገሩኝ። ጎኑ በነጠብጣብ የተዥጎረጎረ፣ ቀዝቃዛና ጥሩ ውሃ ካልሆነ የማይኖር ዓሣ ነው። ድሮ ከውጭ መጥቶ ባሌ ተራራ ላይ ባሉ ወንዞች ተለቀቀ፤ አገሩ ተስማማውና ቀረ። ውሃ ላይ የሚያርፉ ነፍሳትን ስለሚወድ የሚያጠምደው ሰው ላባና ክር መንጠቆ ላይ አስሮ ነፍሳት ያስመስላል። ትል አይሰካም፣ ቁጭ ብሎ አይጠበቅም። ረጅሙን ክር ከራስ በላይ ወደ ኋላና ወደ ፊት እያወዛወዙ ይለቁታል፤ ዝንቧ ቀስ ብላ ውሃው ላይ ታርፋለች። ዓሣው ከተታለለ ብቅ ብሎ ይጎርሳታል። ካልተታለለ እንደገና መወርወር ነው።

እኔ አብዛኛውን ቀን ስወረውር ነው የምውለው። ጋሼ አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ ባሌ፣ ዲንሾ ድረስ ወሰዱኝ፤ ፈቃድ አውጥተን ዌብ ወንዝ ወረድን። ውሃው ከመቀዝቀዙ የተነሳ እግሬ የእኔ አልመስል አለኝ። ከሰዓት በኋላ አንዲት ትንሽ ትራውት ያዝኩና እጄ ላይ ስትወራጭ እንደ ሞኝ ፈገግ አልኩ። መልሼ ለቀቅኳት። በሚቀጥለው ዓመት ጋሼን ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው የማጥመጃ ዘንጋቸውን ለእኔ ሰጡኝ፤ ከዚያ ወዲህ ብቻዬን ነው የምሄደው።

ለምን እንደምሄድ ሰው ሲጠይቀኝ፣ መርካቶ ቀኑን ሙሉ የሚጠራኝ አለ፤ እዚያ ግን የሚጠራኝ የለም እላለሁ። ውሸት አይደለም። ግን ሌላም ነገር አለው። ባለቤቴና እኔ ከተጋባን ብዙ ዓመታችን ነው፤ ልጅ አልወለድንም። ሐኪም ቤት ተመላልሰናል። እሷ ጠበል ተጠምቃለች፣ ተስላለች። እኔ «እግዚአብሔር በጊዜው ይሰጣል» ብዬ ነገሩን መዝጋት ለመድኩ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ፤ እኔም የማላውቀውን ከምናገር፣ እሷንም ከማስለቅስ፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት። እሷም ቀስ በቀስ መጠየቋን ተወች። መሳለሚያ ያለው ቤታችን ጸጥ ያለ ቤት ሆነ።

የዶሮው ነገር የመጣው ዘንድሮ ነው። ጋሼ ለዝንብ መሥሪያ የሰጡኝ ላባ አለቀብኝ። ለውሃ ላይ ዝንብ እንደ ገብስማ አውራ ዶሮ የአንገት ላባ የሚሆን የለም፤ ጥቁርና ነጩ ተፈራርቆ ስለሚወርድ ውሃ ላይ ሲያርፍ ክንፉ የሚርገበገብ ይመስላል። ስለዚህ ዶሮ ተራ ሄድኩ። ለባለቤቴ ለበዓል ዶሮ የሚሸጡላት እናት ጋ ቆሜ ቀዩን መለስኩ፣ ነጩን መለስኩ። ገብስማውን ሳገኝ የአንገቱን ላባ በእስትንፋሴ እፍ እያልኩ ገልጬ አየሁት። ዕድሜው ገፋ ያለ ነው እንዴ ብዬም ጠየቅኩ።

«ለበዓል ነው ልጄ?» አሉኝ።

«አይ እትዬ፣ እኔ ላባውን ነው የምፈልገው። ሥጋውን ለሰው እሰጠዋለሁ።»

ሴትዮዋ ዶሮውን ሰጡኝና አማተቡ። እኔ እቴ፣ ሐሳቤ ሁሉ ላባው ላይ ነበር። በዚህ አገር ዶሮን በቀለሙ መርጦ፣ ሥጋውን አልፈልግም ብሎ የሚሄድ ሰው ማን እንደላከው ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። ጠንቋይ ነው እንዲህ ያለ ዶሮ የሚያዘው።

ወሬው እኔን ቀድሞ ቤት ገባ። ባለቤቴ ምንም አላለችኝም። ግን ሸሚዜን እርጥብ ሆኖ ማግኘት ጀመርኩ፤ ጠበል ትረጭበታለች። ትራሴ ሥር እምነት በወረቀት ተጠቅልሎ አገኘሁ። ይህን ሁሉ እንደ መንፈሳዊነቷ ቆጠርኩት። ያስደነገጠኝ ከእኔ ጋር በአንድ ትሪ መብላቷን ስትተው ነው። ከተጋባን ጀምሮ ተኳርፈን እንኳ ትሪ ለይተን አናውቅም። «ሆዴን አሞኛል፣ አንተ ብላ» ትለኝና ጓዳ ገብታ ብቻዋን ትበላለች። ፈራሁ። ሚስቴ ልትሄድብኝ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ብትሄድም ምን ብዬ እንደማስቀራት አላውቅም ነበር።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ቀድማኝ ተመልሳ ነበር። ስገባ ጠረጴዛው ላይ ጠበል የሞላ ጎድጓዳ ሳህን ተቀምጧል፤ ዝንቦቼ ሁሉ ውስጡ ናቸው። የማኖርባቸውን ሳጥን ከቦርሳዬ አግኝታው ኖሯል። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ፣ አይ ሰው መሆን፣ በደንብ ተንሳፍፈዋል የሚል ነበር።

«ምን አድርግ ብሎህ ነው?» አለችኝ።

«ማን?»

«ጠንቋዩ ነዋ። ላባ፣ ክር፣ መርፌ። ይሄ ድግምት አይደለም ልትለኝ ነው?»

ሳቅ አመለጠኝ። እሷ አልሳቀችም። የዓሣ ማጥመጃ ነው አልኳት።

«ዓሣ በትል እንደሚያዝ እኔም አውቃለሁ» አለች።

ስልኬን አወጣሁ። ወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ አስደግፌ የቀረጽኩት ቪዲዮ ነበረኝ፤ ውሃ ውስጥ ቆሜ ስወረውር፣ ዝንቧ ስታርፍ፣ ዓሣው ብቅ ብሎ ሲጎርሳት ያሳያል። እስከ መጨረሻው አየችው። መልሳ ከመጀመሪያው አየችው። አሁን ትስቃለች፣ ነገሩም ያበቃል ብዬ ስጠብቅ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«ለዓሣ ነው እንግዲህ» አለች።

«ለዓሣ ነው። ምን ሆነሻል?»

«እኔ እኮ ለልጅ ብለህ መስሎኝ ነበር።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«በጣም ተናድጄብህ ነበር። ኃጢአት ነው፣ ንስሐ አባታችን ቢሰሙ ምን ይላሉ ብዬ። አብሬህ ለመብላት እንኳ ተጠይፌ ነበር። ግን ደግሞ ቢጨንቀው ነው፣ እሱም እንደኔ ይፈልጋል ማለት ነው እያልኩ ደስ ይለኝ ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ዝምታዬ እሷን የሚጠብቃት ይመስለኝ ነበር። እሷ ግን ልጅ ማጣታችን ግድ እንዳልሰጠኝ ነው የቆጠረችው። ይህን ሁሉ ዓመት ልጁን ብቻዋን ስትፈልገው ኖራለች። አፈርኩ፤ ከማፈሬም በላይ አዘንኩላት።

«እዚያ ውሃ ውስጥ ቆመህ ምን ታስባለህ?» አለችኝ።

ለሰው ሁሉ «ምንም» ነው የምለው። ለእሷ ግን ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነገርኳት። ዓሣ በያዝኩ ቁጥር የማሳየው ሰው ፈልጌ ወደ ጎኔ እዞራለሁ። ስዞር ደግሞ ወደ ላይ አላይም፤ ወደ ታች፣ ወገቤ አካባቢ ነው የማየው። ማንም የለም። ከዚያ ዓሣውን እለቀዋለሁ።

ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ አደረገችው።

«ወንድ ነው ሴት?» አለችኝ።

«ወንድ» አልኳት።

«የኔዋ ሴት ናት» አለችና መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች።