ጉቴ አጠገብ ያለው ታወር

በከፍተኛ ኃይል መስመር ጥገና ስሠራ ብዙ ታወር ላይ ወጥቻለሁ። ነቀምቴ ተወልጄ ያደግሁ የጎጃም ሰዎች ልጅ ነኝ፤ ከጉቴ እስከ ኑኑ ቁምባ ያለውን ገጠር ያሳወቀኝ ግን ይኸው ሥራ ነው። ያን ዘመን ሳስብ መጀመሪያ የማመሰግናቸው አንዲት የጉቴ እናት ናቸው። አንዱ ታወራችን የቆመው በበቆሎ ማሳቸው ጫፍ ላይ ነበር።

እዚያ አካባቢ ሽቦውን ከታወሩ ብረት የሚለየው ኢንሱሌተር ጎማ የለበሰ ዘንግ ነው። አዲስ ሳለ ውሃ አይይዝም፤ ዝናቡ ተንከባሎ ይወርድለታል። ሲያረጅ ጎማው ይሻክርና የኮረኮንቹ መንገድ አቧራ፣ የማሳ ቃጠሎ ጥላሸት ይጣበቅበታል። በጋውን ሙሉ ምንም አይልም። ክፉው የመጀመሪያው ካፊያ ነው፤ ቆሻሻውን ሳያጥበው ያረጥበዋል፤ ያኔ ኤሌክትሪኩ በላዩ መሄጃ ያገኛል።

እንዲህ ያለ ካፊያ በጣለ ማግስት ሴትዮዋ በሚኒባስ ቢሯችን ድረስ መጡ። ታወሩ ላይ ያለው ነገር እንደ ጋለ ዘይት እየተንጣጣ መሆኑን፣ አመሻሽ ላይም ሰማያዊ እሳት ሲልሰው ማየታቸውን ነገሩን። አለቃችን የዚያ ኮረኮንች መንገድ አቧራ ሲያሳስበው ስለነበር ወዲያው ተነሳን። ደርሰን በሩቅ ማያ መነጽር ብናይ ጎማው አመድ መስሎ ተሰነጣጥቋል፤ በጎኑም ጥቁር የቃጠሎ መስመር ወርዷል። እሳቸው ወደኛ ከመምጣታቸው በፊት በታወሩ ሥር የሚያልፈውን የእግር መንገድ በእሾህ ዘግተው፣ ጎረቤቱን ሁሉ በላይ በኩል እንዲዞር ለምነው ነበር።

በማግስቱ መስመሩ ጠፍቶ ከመሬት የሚያገናኘው ኧርዝ ከታሰረ በኋላ እኔ ወጣሁ።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ቀስ በል» አሉኝ ሴትዮዋ ከታች።

ሽቦውን በሰንሰለት ማንሻ ያዝነው። ከዚያ ኢንሱሌተሩን ልፈታ ገና ስነካው እንደ ደረቀ አገዳ እጄ ላይ ተሰበረ። በስንጥቁ የገባው እርጥበት ውስጡን በልቶት ኖሯል። ቁልቁል ሳይ መንገዱ ላይ ማንም የለም። ሰው ቢኖርበት፣ ሽቦውም ሳንይዘው ቢወርድ ብዬ አሰብኩ።

አዲሱን ሰቅዬ ስወርድ ቤታቸው አስገብተው አንጮቴ የሚባለውን ሥራ ሥር በአይብ አበሉን። «ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ» አልኳቸው።

«በሥሩ የሚያልፉት የልጅ ልጆቼ ናቸው» አሉኝ። «አንተ ደግሞ ለእነሱ ብለህ ወጣህ። ታዲያ ማን ማንን ያመስግን?»

ከዚያ ወዲህ በዚያ ኮረኮንች መንገድ ዳር ያሉት አሮጌ ኢንሱሌተሮች ካፊያው ሳይመጣ ይታጠባሉ፤ የደከሙትም ይቀየራሉ። እኔም በጉቴ ሳልፍ ሳልጠይቃቸው ቀርቼ አላውቅም። ሴት ልጄን ስድር መጥተው ከእናቴ ጎን ተቀመጡ። የእናቴ ኦሮምኛ ስብርብር ያለ ነው፤ የእሳቸው አማርኛ ደግሞ የገበያ ነው። ምን ሲያወሩ እንደዋሉ አላውቅም፤ ሙሽሮቹ ሲወጡ እንኳ ከወሬያቸው ቀና አላሉም።