የጨው ውሃ

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ዕድሜ ልኳን ባዮሎጂ ስላስተማረች ተማሪዎቿ «እማማ ሴል» ይሏት ነበር። ጡረታ ከወጣች ወዲህ ከቤታችን ጀርባ ባለችው ክፍል ብቻዋን ትኖራለች።

እኔ ላገባ ስል አባቴ ድግሱን እዚያው ግቢያችን ካላደረግሁ አለ። አክስቴ ለዓይን ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል በተኛችበት ሳምንት፣ አያቴ የተከለችውን የሎሚ ዛፍ ከነሥሩ አስነቅሎ ቦታውን ሣር አለበሰው። ዛፉ የነበረው አክስቴ መስኮት ሥር ነው።

አንድ ዓይኗ ተሸፍኖ ስትመለስ በሌላው አየችው። እንባም ጩኸትም የለም።

«ሣሩ ያምራል፤ ማጠጣቱን ለእኔ ተወው» አለችው።

አባቴ ደስ ብሎት «እትዬ እኮ ሆደ ሰፊ ናት!» እያለ ለሰው ሁሉ አወራ።

እሷም ጠዋት ጠዋት እያንጎራጎረች አጠጣች። ሣሩ ግን ጫፉ ቢጫ ሆነ፤ ከዚያ እንደ ገለባ ደረቀ። አባቴ ተጨነቀ።

ሠርጉ ሲቃረብ፣ ምሳ ላይ ሳለን «በሽታ ገብቶበት ይሆን?» አለ።

«በሽታ አይደለም፤ ውሃ ጥም ነው» አለች አክስቴ እንጀራዋን እየቆረሰች።

«በየቀኑ እያጠጣሽው?»

«በጨው ውሃ ነዋ! የሥሩ ሴል ሽፋን ውሃ ያሳልፋል፤ ጨውን ግን እንደ ልቡ አያስገባም። ውጭ ያለው ጨው ከውስጡ ሲበዛ፣ ውሃው ሴሉን ጥሎ ወደ ጨው ይወጣል። ውሃ ውስጥ ቆሞ ይደርቃል። እያንዳንዷን ቅጠል ስትደርቅ ቁጭ ብዬ አየኋት።»

አባቴ እጁ ላይ ያለውን ጉርሻ መለሰው። «ለአንድ ዛፍ ብለሽ የልጄን ሠርግ?»

«አንተስ ለአንድ ቀን ድግስ ብለህ የእናቴን ዛፍ? ያውም ዓይኔ ታስሮ ሳለ!»

በሠርጉ ቀን ድንኳኑ ሥር ምንጣፍ ተነጥፎ ተዳርኩ፤ ከሁሉም በላይ የጨፈረችው እሷ ነበረች።

በኋላ ብቻችንን ሆነን «አልጸጸተሽም?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ላንቺ አዝኛለሁ። ለእሱ ግን፣ ጨው አሳንሼበት እንደሆነ ነው የሚቆጨኝ» አለችኝ።

አባቴ አፈሩን አስወጥቶ እንደገና ሣር ተከለ። የቧንቧውን ቁልፍ ግን ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞራል።