ከቀጨኔ ጭቃ የተሠራች ደሴት

ቁም ሣጥኔ ውስጥ፣ ከልብሶቼ ሥር፣ አንዲት የሸክላ ገል አለች። ልጆቼ ቤት ባጸዱ ቁጥር ሊጥሏት ያነሷታል፤ እኔም እጮህባቸዋለሁ። አሮጊት ሆኜ ገል ማቀፌ ያስቃቸዋል። ይሳቁ። የዚያችን ገል ነገር እስከ ዛሬ ለማንም አልነገርኩም።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ጉለሌ በነበረው ትምህርት ቤታችን አምስተኛ ክፍል ስንደርስ፣ ለወላጆች ቀን ሁለት ሁለት ሆነን አንድ አገር ይሰጠን ነበር። የአገሩን መልክ በእጃችን ሠርተን፣ በወላጆች ፊት ቆመን በቃላችን እንናገራለን። የጂኦግራፊ አስተማሪያችን መምህር ዘውዴ ሲያድሉ ግብጽም፣ ጣሊያንም፣ ጃፓንም አለቁና እኔና አየለች ቀረን። ትንሽ አሰቡና አትላሱን ገልጠው፣ ከአፍሪካ ጫፍ በታች ውኃ ብቻ ካለበት ቦታ ላይ የዝንብ ኩስ የምታህል ነጥብ አሳዩን። ክፍሉ አውካካ።

ደሴት ሲባል የምናውቀው የጣናንና የዝዋይን ነው፤ ስለዚህ አንዱ ልጅ ገዳም አላት ወይ ብሎ ጠየቀ። መምህር ዘውዴ ገዳምም መነኩሴም የላትም አሉ። ዙሪያዋ ጥቁር ገደል ነው፤ መርከብ የሚጠጋበት ወደብ የላትም። ብርዷ በረዶ አይሠራም፣ ፀሐይዋም አታሞቅም። ነፋሷ ዓመቱን ሙሉ ስለማያርፍ ዛፍ አያድግባትም፤ የሚበቅለው እንደ ጓሳ ያለ ሣር ብቻ ነው። መብረር የማይችሉ ወፎች በሺህ እየሆኑ ይፈለፈሉባታል፤ ሰው አይተው ስለማያውቁ ሰው ቢመጣ እንኳ አይሸሹም። ጭጋጓ የሐምሌን እንጦጦ ይመስላል፣ ልዩነቱ ሐምሌው አለማለቁ ነው አሉን።

አየለች እጇን አወጣች። ክፍል ውስጥ ተናግራ የማታውቅ ልጅ ናት። ማንም የለም ወይ፣ አንድም ሰው? ብላ ጠየቀች። አንድም፣ አሏት። ፊቷ ሲፈካ አየሁት፤ ለምን እንደሆነ ግን ያን ጊዜ አልገባኝም።

የገባኝ በሳምንቱ ነው። ሌሎቹ አገራቸውን ከካርቶን ሲቆርጡ እሷ ደሴቲቱን በጨርቅ ጠቅልላ ይዛ መጣች። ሸክላ ናት፤ ተተኩሳ ጠቁራለች። ሣሩን በስንጥር ወጋግታ አውጥታዋለች፤ ወፎቹ ከባሕር የሚወጡበትን ጥግ ደግሞ በአውራ ጣቷ ተጭና ሠርታዋለች። ማን አስተማረሽ አልኳት። እናቷ ቀጨኔ ሸክላ ሠሪ መሆኗን፣ ትምህርት ቤት ግን ነጋዴ ናት ብላ እንዳስመዘገበች ነገረችኝ። ይህ ከታወቀ አብሯት የሚቀመጥ እንደማይኖር ሁለታችንም እናውቃለን፤ ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው፣ ሰው በዓይኑ ይበላል ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። እናቴ ትሙት፣ ለማንም አልናገርም ብዬ ማልኩላት።

የደሴቲቱን ጭጋግ በቃላችን ከመያዛችን በፊት በዓይናችን እንየው ብለን፣ በሰኔ ወር አንድ ቅዳሜ፣ ለቤተሰብ ሳንናገር እንጦጦ ማርያም ድረስ ወጣን። ጅሎች! ከባሕር ዛፉ በላይ ነፋሱ ሲገፈትረን፣ እጃችንን እንደ ወፎቹ ከጎናችን ለጥፈን እየተንገዳገድን ሳቅን። ዝናቡ አጥንታችን ድረስ ገባ። አየለች ትልቅ ስትሆን እዚያች ደሴት ሄዳ እንደምትኖር ነገረችኝ። እኔስ አልኳት። አሰበች፣ አሰበችና፣ አንቺ ብቻ ትመጫለሽ አለችኝ። በሕይወቴ ከዚያ የበለጠ ክብር የሰጠኝ ሰው የለም።

ቤቴ ለትምህርት ቤቱ ስለሚቀርብ ደሴቲቱን እኔ ወሰድኳት። ከእንጦጦ በተመለስን ማግስት አተኮሰኝ። በሦስተኛው ቀን ሰው መለየት አቃተኝ። እናቴ ከእኔ በፊት የወለደችውን ልጅ በትኩሳት ቀብራለች፤ ዛሬ ሳስበው ያን ቀን ያደረገችው ሁሉ ከክፋት አልነበረም። ጎረቤታችንን እትዬ በላይነሽን ጠራች። እሳቸውም እንደ ደንቡ የጫማ ቁራጭና የዶሮ ላባ አጢሰው አፍንጫዬ ሥር ያዙና፣ ማን ነው የበላሽ፣ ተናገሪ ይሉኝ ጀመር። ቡዳ የበላው ሰው የበላውን ስም እየጠራ ይለፈልፋል ነው እምነቱ። ጭሱ ለእኔ የደሴቲቱ ጭጋግ ሆነብኝ፤ አየለች ጥላኝ ስትሄድ ይታየኛል። ስሟን ደጋግሜ እየጠራሁ ጮህኩ። የእናቷን ሸክላም፣ ቀጨኔንም፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

በዚያው ቀን ከሰዓት አየለችን ከነእናቷ አመጧት። ቡዳው ራሱ መጥቶ እንትፍ ካላለበት በሽተኛው አይድንም ይባላል። አባቴ ዱላውን ይዞ በሩ አጠገብ ቆሟል። እናቷ ከደጅ ነጠላዋን ነክሳ ቆማለች። እኔ ትኩሳቱ ጋብ ስላለልኝ ሁሉንም አያለሁ። እናቴ እንትፍ በይባት አለቻት። አየለች አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም።

«እትዬ፣ ምራቄ ደርቋል» አለች።

ውኃ ሰጧት። ጠጣችና ዓይን ዓይኔን እያየች ግንባሬ ላይ እንትፍ አለች። ዝናብ መትቶኝ ነው ብል ያበቃ ነበር። እንጦጦ መሄዴ ቢታወቅ እገረፋለሁ ብዬ ፈራሁና ዝም አልኩ።

በማግስቱ ትኩሳቱ ለቀቀኝ። ሰፈሩም አላልንም ወይ አለ። እናቴ ደሴቲቱን ደጃፍ ድንጋይ ላይ ፈጠፈጠቻት፤ እኔ ከጥራጊው ውስጥ የአየለች አውራ ጣት ያረፈበትን ገል ለቅሜ ደበቅኩ። አየለች ትምህርት ቤት ተመልሳ አልመጣችም። በወላጆች ቀን ብቻዬን ቆሜ ስለ ነፋሱ፣ ስለ ሣሩ፣ ስለ ወፎቹ በቃሌ ተናገርኩ። እናቴም አጨበጨበች።

ዛሬ ጉለሌ ልጅ ሲያተኩሰው በታክሲ ክሊኒክ ይወሰዳል፣ ደሙ ይመረመራል። በእኛ ቤት ማን በላህ የሚለው የለም። ሠርግ ሲታሰብ ግን የሙሽራዋ ወገኖች እነማን ናቸው ብለው ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉ አሁንም አሉ። የልጅ ልጄ ባለፈው ደሴቲቱን በስልኩ ፈልጎ አሳየኝ። ጭጋጉም፣ ገደሉም፣ ወፎቹም አሉ። አሁንም ማንም አይኖርባትም።

አየለችን ያገኘኋት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ሁለታችንም ከሸበትን በኋላ። ከቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ወረድ ብላ ሸክላዋን ዘርግታ ተቀምጣለች። ስሜን ነገርኳት። ይቅርታ ልጠይቃት ነበር የሄድኩት፤ ስንት ዓመት ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ። እሷ ግን ቀደመችኝ። ጭቃ የደረቀበት እጇን ወደ ግንባሬ ዘረጋች፣ ሳትነካኝ መለሰችውና፣

«ዳንሽ?» አለችኝ።