ሊፓ ማለት

አሜሪካ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ ውስጥ በየቀኑ እየሄድኩ የማስታምማቸው አንድ ዩክሬናዊ ሽማግሌ ነበሩ። አገራቸው ሳሉ የቋንቋ አስተማሪ ነበሩ። እኔ ስደርስ ግን ስትሮክ አንደበታቸውን ይዞት ነበር፤ እንግሊዝኛውም የገዛ ቋንቋቸውም አይወጣቸውም። እኔ «አባባ» እያልኩ በአማርኛ አወራቸዋለሁ፤ እሳቸው በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያሉ።

ከመስኮቱ ፊት ለፊት አንድ ትልቅ ዛፍ አለ። ጁላይ ላይ ሲያብብ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል፤ በእንቅልፍ ልብ ከሩቅ እንደሚሸት ማር ነው። ንቦቹ በቅጠሉ ስለሚሸፈኑ ዛፉ ራሱ የሚያንጎራጉር ይመስላል። ከሰዓት በኋላ አባባ ሲያንቀላፉ እኔም ወንበሬ ላይ ፍዝዝ እላለሁ፤ ሰዓቱም ቀኑም ይጠፋኛል።

መኪናዬን ፓርክ የማደርገው ከዛፉ ሥር ነበር። አንድ ቀን ዕቃ ላወጣ ብሄድ መስታወቱን ከቅጠሉ የተንጠባጠበ የሚያጣብቅ ነገር ሸፍኖታል። በጨርቅ ብፈትገው ጭራሽ ባሰበት። እየተነጫነጭኩ ገባሁ። እጄን ልታጠብ በአጠገባቸው ሳልፍ አባባ እጃቸውን ዘርግተው ያዙኝ። መዳፎቻችን ተጣበቁ። እጄን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ቆዩና፣

«ሊፓ» አሉ።

ከሳቸው የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል ነው። የሰው ስም መሰለኝ፤ ምናልባት የሟች ሚስታቸው።

አመሻሹ ላይ ልጃቸው ከሥራ ስትገባ ነገርኳት። ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ቆማ ቀረች።

«ዛፉን ነው» አለችኝ። «ልጅ ሆኜ ያስረዱኝ ነበር። ሊፕኑቲ ማለት መጣበቅ ነው፤ ሊፓ የሚለው ስም ከዚያ የመጣ ነው ይላሉ። እኛ ጁላይን ሊፔን የምንለው በዚህ ዛፍ አበባ ነው። ክሮአቶች ዘንድ ቀደም ብሎ ስለሚያብብ ሊፓኝ የሚሉት ጁንን ነው።»

«እኛም አንዱን ነገር ሌላው ላይ ስናጣብቅ ‘ለጠፈ’ እንላለን» አልኳት፤ ልቤ በደስታ ዘለለ።

አባባ ሰምተው ኖሯል። «ለ... ጠፈ» ብለው ቀመሱት። ከዚያ ራሳቸውን ነቅንቀው ለልጃቸው አንድ ቃል በቋንቋቸው ወረወሩላት። እሷ እየሳቀች እንባዋን ጠረገች።

«‘አጋጣሚ’ ነው ያሉት። ዝምድና የለውም ማለታቸው ነው። አስተማሪ ናቸው እኮ!»

ከዚያ ወዲያ በተሽከርካሪ ወንበር ሰፈሩን አዞራቸው ጀመር። ዛፍ ባዩ ቁጥር ስሙን ይጠሩልኛል፤ ስሳሳት ያርሙኛል። የአንዱን ዛፍ ነጭ ግንድ በጣታቸው እየዳሰሱ «ቤሬዛ» አሉኝ። ልጃቸው ቃሉ ከሚያበራ፣ ከነጭ ነገር የወጣ መሆኑን ነገረችኝ። አባባ በቀን አንድ ወይ ሁለት ቃል ቢወጣቸው ነው፤ ዓረፍተ ነገር አልመለሰላቸውም። ለእኔ ግን ያ በቂ ነበር። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ሽታ መሃል፣ ዓለም ገና ስም እየወጣላት ያለች ይመስለኝ ነበር።

በረዶው ሲወርድ ቃላቱ እንደገና ሳሱ። ፌብሩዋሪ ላይ አረፉ።

ከቀብር ስንመለስ ልጃቸው በመኪናው መስኮት እያየች «ስንት ቃል አስተማሩሽ?» አለችኝ።

ጮክ ብዬ ቆጠርኩላት። አሥራ አንድ ሆኑ፤ ሁሉም ዛፍ።