አፍ የሌለው ጀግና

ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ሄራን በምታስተናግድበት የሐበሻ ምግብ ቤት፣ በመጡ ቁጥር መስኮቱ ሥር የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ አሉ። የኮታቸው ኪስ እስክሪብቶ ብቻ ነው። ሽሮው እስኪቀርብ ናፕኪን ላይ ትንንሽ ካሬ እያጠቆሩ ሰው ይሥላሉ።

ሄራን የዛሬውን አየችና፣ "ጋሼ፣ አፉስ?" አለች።

"ከአርባ ዓመት በፊት ለቤት ኮምፒውተር የሠራሁት ጌም ጀግና ነው። ማሽኑ ለአንድ ሰው የሚፈቅደው ስምንት በስምንት ካሬ ነበር። ኮፍያና ሰይፍ ስሰጠው ለአፉ ቦታ አለቀ።"

"ሶ፣ ሰው ምን አለ?"

"'ዝምተኛ፣ ጥልቅ ጀግና' ተብሎ መጽሔት ላይ ወጣ። ባለቤቴም ያንን አንብባ፣ ሠሪውም እንደ እሱ ዝምተኛ መስሏት አገባችኝ።"

ሄራን ሳቋን ዋጠች። "አልቆጫትም?"

"መች አስወራኋት?" አሉ እየጎረሱ። "በሳምንት አንድ ቀን ግን ጆሮዋን ልታሳርፍ ወደዚህ ትልከኛለች።"